አሪፍ ሳግ ከፓርላማው በፊትም ከፓርላማው በኋላም

ወንድማችን «ቱርካዊው የባህል ሙዚቀኛ አሪፍ ሳግ የፓርላማ አባል ነበሩ ይባላል፤ ዘፋኝን ፖለቲካ ውስጥ ምን አስገባው? ሥራቸውንስ ከየት ጀምሬ ላዳምጥ?» ሲሉ ጠይቀዋል። ጀርመን አገር ኮሎኝ በነበርኩበት ጊዜ ከአንድ አሌቪ (በቱርክ የሚገኝ የሃይማኖት ማኅበረሰብ አባል) መምህር ዘንድ ሦስት ዓመት ባግላማ የተባለውን አንገተ ረጅም የክር መሣሪያ ስለተማርኩ የማውቀውን ላካፍልዎ።

አሪፍ ሳግ የተወለዱት በ1945 (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በምሥራቅ ቱርክ፣ በኤርዙሩም ግዛት ነው። በ1987ቱ ምርጫ በሶሻል ዴሞክራቶቹ ፓርቲ በኩል ከአንካራ ተመርጠው እስከ 1991 ድረስ በምክር ቤት አገልግለዋል። ይሁን እንጂ ፖለቲካቸውን በእነዚያ አራት ዓመታት ብቻ መፈለግ ሰውየውን ያሳንሳቸዋል ብዬ አምናለሁ።

የአሪፍ ሳግ ወገኖች የሆኑት አሌቪዎች ለዘመናት እምነታቸውን ደብቀው የኖሩ ሕዝቦች ሲሆኑ፣ «ጀም» በሚሉት የጸሎት ጉባኤያቸው ባግላማ ከሌለ ሥርዓቱ አይሟላም። መምህሬ መሣሪያውን ከግድግዳ ባወረዱ ቁጥር አንገቱን ስመው ግንባራቸውን ያስነኩት ነበር፤ በጾም በገና ሲደረደር እየሰማሁ ላደግሁት ለእኔ የዚያን አክብሮት ትርጉም ማንም ማስረዳት አላስፈለገውም። አሪፍ ሳግ ከ1980ው የወታደሮች መፈንቅለ መንግሥት በኋላ፣ ፍርሃት በነገሠበት ዘመን፣ ከሙህሊስ አካርሱ፣ ከሙሳ ኤሮግሉና ከያቩዝ ቶፕ ጋር ሆነው «ሙሀበት» በተሰኙት ተከታታይ ካሴቶች እነዚህን መንፈሳዊ ዜማዎች አደባባይ አወጧቸው። በእኔ አስተያየት ከማንኛውም የምክር ቤት ንግግር የሚበልጠው ፖለቲካዊ ተግባራቸው ይህ ነው።

ዋጋውም ከባድ ነበር። ሐምሌ 2 ቀን 1993 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) በሲቫስ ከተማ፣ በ16ኛው መቶ ዘመን የተሰቀለውን አሌቪ ባለቅኔ ፒር ሱልጣን አብዳልን ለመዘከር የተሰበሰቡ እንግዶች ያረፉበትን ማድማክ ሆቴል የተቆጣ ሕዝብ ከቦ በእሳት አቃጠለው። 33 እንግዶችና 2 የሆቴሉ ሠራተኞች ሞቱ። አካርሱ ከባለቤታቸው ጋር እዚያው ቀሩ፤ በሆቴሉ ውስጥ የነበሩት አሪፍ ሳግ ተረፉ። መምህሬ የአካርሱን ዜማ ተጫውተው ሲጨርሱ ለረጅም ጊዜ ቃል አይወጣቸውም ነበር።

ለማዳመጥ ከ«ሙሀበት» ይጀምሩ። ጆሮዎ በትዝታና በባቲ የተቃኘ ከሆነ አንዳንዱ ድምፅ የተበላሸ ሊመስልዎ ይችላል። እኔም በመጀመሪያው ወር በመሣሪያው አንገት ዙሪያ የታሰረውን አንዱን የድምፅ መለያ ክር ያለቦታው የገባ መስሎኝ ልገፋው ስል መምህሬ እጄን ያዙኝና «ዜማው ያለው እዚያ ነው» አሉኝ፤ ድምፁ ከሁለት ቁልፎች መካከል የሚገኝ፣ ፒያኖ የሌለው ድምፅ ነበር። ጆሮዎ ከለመደ በኋላ አሪፍ ሳግ መምቻውን ትተው በጣቶቻቸው ብቻ የሚጫወቱባቸውን ቅጂዎች ይፈልጉ፤ «ሸልፔ» የሚባለው ይህ የቆየ የገጠር አጨዋወት ዳግም እንዲያብብ ካደረጉት መካከል እሳቸው አንዱ ናቸው። ቪዲዮ ካገኙ ቀኝ እጃቸውን ይከታተሉ።