«ምች ነው» ከማለታችሁ በፊት

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው የጥርስ ሕክምና ለምትማሩት፣ በየጤና ጣቢያው ለምትሠሩት፣ እንዲሁም የመመረቂያ ጥናት ርዕስ ለምትፈልጉት ነው። ጎጃም ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው አፍ ሳይ ኖሬያለሁ። ነገሬ ስለ አፍ ካንሰር ነው፤ ከሁሉ በላይ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን ስለ አንድ ሰው ነው።

ከጮቄ ተራራ ሥር የመጡ፣ ገብስና ድንች የሚያመርቱ አባት ነበሩ። ኅዳር ላይ መጡ። በርበሬ ሲበሉ ምላሳቸውን በቀኝ በኩል እንደሚያቃጥላቸው ነገሩኝ። አፋቸውን አስከፍቼ አየሁ። ጫፉ የተሰበረ መንጋጋ ጥርስ አለ፤ አጠገቡ የምስር ፍሬ የምታህል ቁስል። «ጥርሱ ነው የላጠዎት» አልኳቸው። መጉመጥመጫ ሰጥቼ፣ አጨዳው ሲያልቅ ጥርሱን እንነቅለዋለን ብዬ ሸኘኋቸው። ቁስሉን በጣቴ አልነካሁትም።

የተመለሱት መጋቢት ላይ ነው። መንደር ውስጥ ምች ነው ተብሎ ዳማከሴ ተጨምቆላቸዋል፤ ፀበልም ሄደዋል። አሁን ምላሳቸው ተይዞ ቃል ማውጣት ይቸግራቸዋል። አንገታቸው ላይ እንደ ባቄላ የጠጠረ ንፍፊት ወጥቷል። ካርዳቸውን አስወጣሁ። በእጄ የጻፍኩት ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ «የአፍ ቁስል፣ መጉመጥመጫ»። መጠኑ የለም። የቱ ጋ እንደሆነ የለም። መቼ እንደጀመረ የለም። ያኔ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአገሪቱ ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አባይ በረሃን ወርዶ ወጥቶ። ሄዱ። በዓመቱ አረፉ።

በመንደሩ ሰው አልፈርድም። እነሱ ምች አሉት፤ እኔ ደግሞ ጥርስ አልኩት። ሁለታችንም ስም ሰጥተን አለፍነው።

ከንፈር ላይ የሚወጣውና እኛ ምች የምንለው ቁስል ከቫይረስ የሚመጣ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ቀን ገደማ ይደርቃል። ተራ የአፍ ቁስልም እንደዚያው ነው፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ይሽራል። ሹል ጥርስ የላጠው ከሆነ ጥርሱ ሲሞረድ ወይም ሲነቀል መዳን ይጀምራል። ስለዚህ ምክንያት የምትሉትን አስወግዱና ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ካልሻረ ናሙና ይወሰድ፤ ማለትም ከቁስሉ ትንሽ ሥጋ ተቆርጦ ይመርመር። ሦስተኛ ዙር መጉመጥመጫ አትጻፉ።

የአፍ ካንሰር መጀመሪያ ላይ ብዙ አያምም፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። ከ10 የአፍ ካንሰሮች 9 ያህሉ የሚነሱት አፍን ከሚሸፍነው ስስ ልባስ ነው። ልባሱ ደግሞ ዓይን የሚያየው፣ ጣት የሚደርስበት ቦታ ነው። ሆድ ውስጥ አልተደበቀም። እ.ኤ.አ. በ2020 በዓለም ላይ ከ370 ሺህ በላይ ሰዎች በከንፈርና በአፍ ካንሰር እንደተያዙ ተገምቷል፤ ከ170 ሺህ በላይ ደግሞ ሞተዋል። በአፍ መክፈቻ ርቀት ላይ ያለ በሽታ ይህን ያህል ሰው ሲገድል በጣም ያስቆጨኛል።

አፍ የምታዩበትን መንገድ አስተካክሉ። የምላስን ጫፍ በጎዝ ያዙና ወደ ጎን ሳቡት፤ ጠርዙን እስከ ሥሩ ድረስ እዩ። ምላስ ወደ ላይ ሲነሳ ከሥሩ ያለውን ወለል እዩ። በብዛት የሚነሳው እነዚህ ቦታዎች ላይ ነው። ከዚያ ዳስሱ። ጤነኛ ምላስ ጣት ሲጫነው ይረግባል፤ ካንሰር የጀመረው ጠርዝ ግን እንደ ደረቀ ጠፍር ግትር ይላል። በመጨረሻ አንገት። ሁሉም ተደምሮ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ነገር ካያችሁ ሉኮፕላኪያ የሚባለው፣ ወደ ካንሰር ሊለወጥ የሚችለው ምልክት ሊሆን ይችላል። ቀይ ከሆነ፣ ወይም ነጭና ቀይ ከተቀላቀለ፣ የበለጠ ፍሩት። ቀዩ ኤሪትሮፕላኪያ ይባላል፤ ናሙናው ሲመረመር ብዙ ጊዜ ካንሰሩ ቀድሞ ጀምሮ ይገኛል።

ስለ ናሙናም አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ስለሚበላሽ። መሀል ላይ ካለው የሞተ ሥጋ አትውሰዱ። ከጠርዙ፣ በቂ ጥልቀት ይዛችሁ ውሰዱ። ናሙናው እንዳይበላሽ የሚነከርበት ፈሳሽ፣ ፎርማሊኑ፣ የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን። አፈ ጠባብ በሆነ የመርፌ መድኃኒት ብልቃጥ ተጠቅጥቆ የመጣ ናሙና አይቻለሁ። ሥጋው ውስጥ ሆኖ ይደርቃል፤ ሲያወጡት ይሰባበራል። ሰውየው እንደገና ሊቆረጥ ነው ማለት ነው።

አሁን ወደ ጥናቱ ልምጣ። ብዙዎቻችሁ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ፣ ስለ ምራቅ ምርመራ፣ ስለ ልዩ መብራት ትጠይቁኛላችሁ። ደስ ይለኛል፤ አጥኑት። ግን ይህን ስሌት በደብተራችሁ ሥሩ። 1000 ሰው መረመራችሁ እንበል፤ ካንሰር ያለባቸው 2 ናቸው። መሣሪያችሁ ከ100 ጤነኛ ሰው 10ሩን «አለብህ» ብሎ ይሳሳታል። 100 ያህል ጤነኛ ሰው አስደነገጣችሁ ማለት ነው። እያንዳንዱ ከእርሻው ተነስቶ፣ ከብቱን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ ተበድሮ የሚመጣ ሰው ነው። ቁስሉ ላይ የሚቀባው ቶሉዲን ብሉ የሚባለው ቀለምም ሆነ መብራቱ እስካሁን ባዮፕሲን፣ ማለትም የናሙና ምርመራን፣ አልተኩም።

በዚህ መስክ እኔን ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ጥናት መሣሪያ የለበትም። በህንድ ኬረላ ግዛት፣ ትሪቫንድረም አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1996 ተጀመረ። 13 አካባቢዎች የሰዎቻቸው አፍ የሚታይላቸውና የማይታይላቸው ተብለው በዕጣ ተከፈሉ፤ ከ190 ሺህ በላይ ሰዎች ተካተዋል። አፍ የሚያዩት ሐኪሞች አልነበሩም፤ ሠልጥነው ቤት ለቤት የሚዞሩ የጤና ሠራተኞች ነበሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ወጣ። ትምባሆ ወይም መጠጥ ከሚጠቀሙት መካከል በአፍ ካንሰር የሚሞተው ሰው በ34 በመቶ ቀነሰ። በጠቅላላው ሕዝብ ላይ ግን ልዩነቱ አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም። ስለዚህ ማን ይታይ የሚለው ጥያቄ ትልቅ ነው። እኛ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉን። የሚታየው ሰው ማን እንደሆነም እናውቃለን። አረቄ የማይለየው፣ የሚያጨስ፣ በተለይ ሁለቱን አንድ ላይ የሚያደርግ፤ ሁለቱ ሲገናኙ አደጋው በብዙ እጥፍ ያድጋልና።

ጫትን የምታጠኑ ባሕር ዳር ያላችሁ ልጆች፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ብዙ ቃሚ ሲቅም ያጨሳል፤ ምርቃናውን ለመስበር ደግሞ ጨብሲ ይገባል። መጠይቃችሁ ሦስቱን ለይቶ ካልጠየቀ የሲጋራውንና የመጠጡን ዕዳ ጫት ላይ ትጭናላችሁ። ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ጫቱ በየትኛው ጉንጭ ይያዛል፤ ይህን ሁሉ ጠይቁ። ቀኝ ጉንጩን ከግራው ጋር ማወዳደር ብቻውን ጥሩ ጥናት ይወጣዋል።

እኔ ግን ርዕስ ምረጥልን ብትሉኝ «ቀኑ የት ሄደ?» እላችኋለሁ። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ቀን መዝግቡ። ቁስሉን ያየበት፣ መጀመሪያ ጤና ባለሙያ ጋ የደረሰበት፣ ናሙና የተወሰደበት፣ ውጤቱ የመጣበት። በመካከላቸው ያለውን ቁጠሩ። ሰው ቀኑን አያስታውስም፤ ግን «ፍልሰታ ላይ ነበር» ወይም «ጤፍ ስናጭድ» ይላችኋል። በዚያ ተቀበሉት። የእኒያ አባት አራት ወር የጠፋው ከመጀመሪያውና ከሁለተኛው ቀን መካከል አልነበረም። እኔ ጋ ከደረሱ በኋላ ነው። ይህን የምታጋልጥ ጥናት ብትሠሩ ታላላቆቻችሁ ላይከፋቸው ይችላል፤ ቢከፋቸውም ሥሩት።

ጡረታ ልወጣ ስል አንዲት ወጣት ነርስ ወደ ደጀን መንገድ ካለ ጤና ጣቢያ ሰው ላከችልኝ። ጠላና አረቄ የምትሸጥ እናት ነበረች። ሪፈር ወረቀቱ ላይ ቦታው በትንሽ ሥዕል ተሥሏል፤ መጠኑ 8 ሚሊሜትር፤ «16 ቀን፣ ጥርስ አልነካውም፣ ሲዳሰስ ጠጠር ይላል» ይላል። ካንሰር ነበር፤ ግን ገና ትንሽ፣ ስስ። አንገቷ ንጹሕ ነው። ተቆርጦ ወጣ፤ ጠርዙም ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ስፌቱ ሲደርቅ መጀመሪያ የጠየቀችኝ በርበሬ መብላት ትችል እንደሆነ ነው።