ደመናው እያለ ማሽላው ለምን ይጠማል?

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ዙሪያ ገጠር ነኝ። ደመናው በተራራው በኩል ጠቁሮ ይመጣና ነፋስ ይበትነዋል። ሲዘንብ ደግሞ ደረቁ ወንዝ በጎርፍ ይሞላል፤ በሦስተኛው ቀን መሬቱ አመድ ነው። ማሽላዬ ቀትር ላይ ቅጠሉን ይጠቀልላል፤ ለበሬ የምነቅለው እንኳ ቀጥኗል። ጭስ ደመና ያቆማል የሚሉ አሉ። ዘር ልቀይር ወይስ ማዳበሪያ ልጨምር?

መልስ፦ ዘሩም ማዳበሪያውም ይቆዩ። ወንዙ ከሞላ ዘንቧል ማለት ነው፤ ያጡት ማሳዎ ላይ የወረደውን ውሃ ነው።

ነፋሱን ግን ያለ ልኩ ወቅሰውታል። የደመና ጠብታ ስፋቷ 0.02 ሚሊ ሜትር ያህል ናት። 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላት አንዲት የዝናብ ጠብታ እንድትወጣ እንዲህ ያሉ አንድ ሚሊዮን ጠብታዎች መዋሐድ አለባቸው። እኩያ ጠብታዎች ደግሞ በእኩል ፍጥነት ስለሚወርዱ አይገናኙም። ደመናው ውስጥ ያለው የአየር መናወጥ ነው እርጎ በቅል እንደሚናጥ የሚያጋጫቸው፤ ከአዙሪቱ እያስፈነጠረ አንዱ ጥግ ያከማቻቸዋል። ያው መናወጥ በደመናው ጠርዝ ሲሆን ግን ደረቅ አየር ያስገባና ጠብታዎቹን ያተናቸዋል፤ ተበተነ የሚሉት ይህንን ነው። የቆላው ሙቀትም ዝናቡን ከመሬት ሳይደርስ አየር ላይ ይጠጣዋል። ጭሱን ይተዉት፤ ያለውን እርጥበት ለብዙ ደቃቅ ጠብታ ያከፋፍለዋል፣ ደቃቆቹ ደግሞ መጋጨት ይከብዳቸዋል።

ደመናውን ማዘዝ አንችልም። ጎርፉን ግን ዶማና አካፋ ይበቃዋል፤ የታሰረ ቦይ፣ ማለትም በየመሃሉ በአፈር የተዘጋ ቦይ፣ ይሥሩ። ሩብ ሄክታር ላይ 20 ሚሊ ሜትር ሲዘንብ 50,000 ሊትር ነው፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል 250 ጊዜ ሞላ ማለት ነው። ግማሹ ቢፈስ እንኳ 125 በርሜል ወንዝ ገባ።

መጀመሪያ ግንበኞች የሚይዙትን ውስጡ የሚታይ ቱቦ፣ 10 ሜትር ያህል፣ ውሃ ሞልተው ለሁለት ይያዙ። በሁለቱም ጫፍ ውሃው እኩል የሚቆምበትን ቦታ በእንጨት ምልክት ያድርጉ፤ ቦይዎ በዚያ መስመር ይሂድ እንጂ ቁልቁል አይውረድ። በኩትኳቶ ጊዜ ከመስመሮቹ መሃል አፈር እያወጡ ከማሽላው ግርጌ ይከምሩ፤ ከቦዩ ወለል እስከ ድቡ (የተከመረው አፈር) ጫፍ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሁን። ከዚያ በየ3 ሜትሩ ቦዩን በአፈር ይዝጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ መዝጊያው ከድቡ ማነስ አለበት፣ 16 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። እኩል ከሆነ ውሃው ሲሞላ ድቡን ሰብሮ ቁልቁል ይወርዳል፣ አንዱ ሲሰበር ታችኞቹም ይከተላሉ። ዝቅ ካለ ግን ትርፉ በዚያው ቦይ ወደ ጎን ይሄዳል። ጎን ለጎን ያሉ ቦዮች መዝጊያም ፊት ለፊት አይግጠም፣ ይዘበራረቅ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ዞረው የተናደውን ይጠግኑ። ውሃ የሚያቁር ጥቁር መሬት ከሆነ መዝጊያውን ይክፈቱት። ተዳፋቱ ከበረታ ይህ ብቻውን አይበቃም፣ የድንጋይ እርከን ይቀድማል።

አንድ ቁጣም አለኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ማሽላን እንደ ጤፍ አጥቅጥቆ ዘርቶ፣ ለበሬ እየነቀሉ እስከ ጉልበት ድረስ ማሳሳት በየማሳው የማየው ልማድ ነው። በኋላ የሚነቀለው ሁሉ እስኪነቀል ድረስ የሚቀረውን ውሃ ሲጠጣ ነው የሚከርመው። በበቀለ በሦስተኛው ሳምንት በመስመር ላይ በየ20 ሳንቲ ሜትሩ አንድ ያስቀሩ። የበሬውን መኖ ከዳር ባለች ቁራጭ መሬት ለብቻው አጥቅጥቀው ይዝሩለት።

ቦዩ ውሃ ይዞም የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ጀምሮ በመሃል አከርካሪው በኩል ቢጫ ከሆኑ፣ ያኔ ስለ ዩሪያ ማዳበሪያ ይጻፉልኝ።