ተመልካቹ ወጥሽን አይቀምስም

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ጸሐፊዋ 24 ዓመቷ ነው። በምግብ ዝግጅት ተመርቃ፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን (ሲኦሲ) አልፋ፣ አንድ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ሦስት ዓመት ሠርታለች። አሁን አንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ የምግብ ዝግጅት ውድድር ሊጀምር ነው። ያሸነፈው ሰው የአዲስ የምግብ ፕሮግራም አቅራቢ ይሆናል። ማጣሪያው አዲስ አበባ ነው። እንዲህ ትላለች፦

«በእጄ እተማመናለሁ። ጥብስ ሲታዘዝ የሚጠሩት እኔን ነው። ሰው ፊት ስናገር ግን ድምፄ ይጠፋል። የወሎ አነጋገሬንም ይስቁበታል ብዬ እፈራለሁ። አባቴ ‹እንጀራሽን ጥለሽ ወዴት?› ይለኛል። ሥራሽን ልቀቂና ሂጂ የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል፣ ደግሞ ተይው ይለኛል። ምን ይሻለኛል?»

እህቴ፣ ሂጂ። ሥራሽን ግን አትልቀቂ። ሁለቱ አይጣሉም፤ እንዴት እንደማይጣሉ ወደ ታች እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ስለ ውድድሩ እናውራ። ደብዳቤሽን ሦስቴ አንብቤው አንድ ነገር አሳሰበኝ። አንቺ የምትዘጋጂው ለምግብ ውድድር ነው። ጣቢያው ግን ለአንድ ክፍት የሥራ ቦታ ሰው እየፈለገ ነው። የሥራ መደቡም «ወጥ ሠሪ» አይደለም፣ «አቅራቢ» ነው። ስለዚህ እንደ ቅጥር ፈተና እዪው።

ሆቴል ውስጥ የሚመሰክርልሽ ሳህኑ ነው። እንግዳው ይቀምሳል፣ ይጠግባል፣ አመስግኖ ይሄዳል። አንቺ አንድ ቃል ሳትተነፍሺ ሥራሽ ይነገርልሻል። ቴሌቪዥን ላይ ዳኞቹ ቢቀምሱም ተመልካቹ አይቀምስም። የቅቤው ሽታ በስክሪን አያልፍም። እሱ ጋ የሚደርሰው ፊትሽ፣ እጅሽና ቃልሽ ብቻ ነው። ሥራው በቃል ማጉረስ ነው።

ምን ማለቴ እንደሆነ ላሳይሽ። ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ በርበሬ የምትሸጥ እናት አለች። አንድ ቀን አጠገቧ ቆሜ ነበር። ልጅ እግር ደንበኛ መጣችና ዛላውን አገላብጣ «ደርቋል ግን?» አለቻት። ሴትዮዋ አልማለችም፣ አልገዘተችም። አንድ ዛላ አነሳችና ልጅቱ ጆሮ ሥር ነቀነቀችው። ፍሬው ውስጡ ተንሿሿ። ከዚያ ኮሽ አድርጋ ሰበረችው። «ሰማሽ? እንዲህ ካላለ እርጥብ ነው፤ ቤትሽ ወስደሽ ሻጋታ ነው የምታስፈጪው» አለቻት። ይህን ሁሉ ስትል ሌላኛው እጇ ለሌላ ሰው ይመዝን ነበር። እጇን አንዴም አላየችውም፤ ዓይኗ ልጅቱ ላይ ነው። እኔም ሳላስበው አንድ ኪሎ ገዝቼ ሄድኩ። አቅራቢነት ማለት ይህ ነው። እጅ ይሠራል፣ ዓይን ሰው ላይ ነው፣ አፍ ደግሞ ሌላው ሰው ቤቱ ገብቶ የሚጠቀምበትን ምልክት ይሰጣል።

«ምልክት» ያልኩትን ያዢልኝ። ብዙ ሰው ካሜራ ፊት ሲቆም «አሁን ሽንኩርቱን እናቁላላለን» ብሎ ዝም ይላል። እሱንማ ተመልካቹም እያየ ነው። አንቺ ግን እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ያለ ዘይት ነው የምጀምረው። መጀመሪያ የሽንኩርቱ ውሃ ሲንጫጫ ትሰማላችሁ። ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ሽንኩርቱ የድስቱን ሥር መያዝ ሲጀምር፣ ያኔ ዘይቱን ጨምሩ።» ይህን የሰማች ሴት ጎንደርም ትሁን ሐዋሳ ማድቤቷ ገብታ ትሠራዋለች።

ሰዓት ብቻ ከነገርሻት ግን ልታሳስቻት ትችያለሽ። ይህን አንቺ ከማንም በላይ ታውቂዋለሽ። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850። መካከላቸው የሐረጎ ቁልቁለት ያለበት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብቻ ነው። ግን ውሃ ደሴ ላይ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ኮምቦልቻ ላይ በ94 አካባቢ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፣ ውሃውም ቶሎ ይፈላል፣ የፈላው ውሃ ግን ሙቀቱ ያነሰ ነው። ለዚህ ነው ያው ሽምብራ ደሴ ላይ ቆይቶ የሚበስለው። ጋምቤላ ያለች ተመልካችሽ ጋ ደግሞ ውሃው 98 ይደርሳል። ስለዚህ «40 ደቂቃ ቀቅሉ» ብለሽ አትለፊ። «በሁለት ጣት ስትጫኑት ልሞ ሲፈርስ አውርዱት» በያት። አንድ ዳኛ ይህን ስትይ ከሰማሽ፣ ለሩቅ ሰው ማሰብ የምትችል ልጅ እንደሆንሽ እዚያው ይገባዋል።

እንዲህ ያለ ውድድር አዲስ ነገር አይደለም። አሜሪካ ፉድ ኔትወርክ የተባለው ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ2005 ጀምሮት ለብዙ ዓመታት አካሂዶታል። ሽልማቱ የራስ ፕሮግራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ያሸነፈው ጋይ ፊዬሪ እዚያ አገር ከታወቁት የምግብ አቅራቢዎች አንዱ ሆኗል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርሙኝ ሁለት ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ያሸነፈችው ሜሊሳ ዳራቢያን የአራት ልጆች እናት ናት። ሬስቶራንት ያሳደጋት ሼፍ አልነበረችም፤ ቤቷ የምታበስል የፋይናንስ ባለሙያ ነበረች። ይዛው የገባችው ሐሳብ ግን ጥርት ያለ ነው፦ በ10 ዶላር ለአራት ሰው እራት። በቀጣዩ ዓመት ያሸነፈችው አርቲ ሴኬራ ደግሞ ቀድሞ ዜና ላይ ትሠራ ነበር። ከውድድሩ በፊት ከራሷ ቤት የምግብ ቪዲዮ እየቀዳች ዩቲዩብ ላይ ትጭን ነበር። ማጣሪያው ላይ ስትቀርብ ካሜራ አዲስዋ አልነበረም።

አንቺም በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚነገር ሐሳብ ያስፈልግሻል። «ፕሮግራምሽ ስለ ምንድን ነው?» ቢሉሽ «ስለ ባህላዊና ዘመናዊ ምግቦች» ብለሽ እንዳትመልሺ፤ እባክሽ። መቶ ሰው ነው እንዲህ የሚለው። ያንቺ ሀብት ያደግሽበት ሰፈር ነው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ በአንድ ግቢ ይኖራል። ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻው ይታረዳል፣ ድስቱም ለየብቻ ነው፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። አንዷ ለጾም ስልጆዋን ስትበጠብጥ፣ ጎረቤቷ ለአፍጥር ሾርባና ሳምቡሳ ታሰናዳለች። ቀሪቦው ደግሞ የሁሉም ነው። ስንት ሰው ነው የሁለቱንም ቤት ማድቤት እኩል የሚያውቀው? አገር አቀፍ ተመልካች ያለው ጣቢያ በሁዳዴም በረመዳንም ሳይሳሳት የሚያቀርብለት ሰው ያስፈልገዋል። ከዚህ ተነሺ። ዓረፍተ ነገሩን ግን እኔ አልጽፍልሽም፤ ካንቺ አፍ ካልወጣ ያስታውቃል።

ስለ አነጋገርሽ አብሽሪ። ዘዬሽን ለመደበቅ ስትታገዪ ነው ድምፅሽ የሚጠፋው፤ ግማሽ ሐሳብሽ ምግቡ ላይ ሳይሆን ምላስሽ ላይ ስለሚሆን ነው። ማድረግ ያለብሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላ አገር የማይታወቅ ቃል ስትጠቀሚ ወዲያው አስረጂው። «ቀሪቦ፣ ከገብስ የሚሠራ፣ የማያሰክር መጠጥ ነው» ካልሽ ማንም አይስቅብሽም፤ ይማርብሻል እንጂ።

ዓይናፋርነቱን በተመለከተ «ደፋር ሁኚ» ብዬ አልሸነግልሽም። ይለመዳል፣ የሚለመደው ግን በመሥራት ነው። ዛሬ ማታ ስልክሽን ዱቄት ዕቃው ላይ አስደግፊና ሽሮ ሥሪ። ሦስት ደቂቃ ቅጂ፣ ሳታቋርጪ። ብትሳሳቺም ቀጥዪ። ለሕዝብ አታውሪ፤ አንድ ሰው ምረጪ። ሽሮ የማትችል የአክስትሽን ልጅ አስቢና ለእሷ ንገሪያት። የመጀመሪያዋን ዓረፍተ ነገር ብቻ በቃል ያዢ፣ ሌላውን አትሸምድጂ። ስትጨርሺ ቪዲዮውን ሁለቴ እዪው። አንዴ ዓይንሽን ጨፍነሽ ስሚው፤ ቃልሽ ብቻውን ሽሮ ማሠራት ይችላል ወይ? ከዚያ ድምፁን አጥፍተሽ እዪው፤ ፊትሽ ሰው ቤት የገባ ይመስላል ወይስ ፈተና ላይ ያለ? ይህን ለሁለት ሳምንት በየቀኑ አድርጊው። ሆቴሉ ውስጥም አለቃሽን አስፈቅጂና በቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ምግቡን ራስሽ አድርሰሽ በሁለት ዓረፍተ ነገር ግለጪ። የተማርሽበት ኮሌጅም ሄደሽ ለታናናሾችሽ አንድ ምግብ ሠርተሽ አሳዪ። ሃያ ተማሪ ፊት የቆመ ሰው ሦስት ዳኛ አያስደነግጠውም።

ለማጣሪያው የሚሆን ምግብ ስትመርጪ ዶሮ ወጥን ተዪው። የምትኮሪበት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ቁሌቱ ብቻ ሰዓታት ይፈጃል። ቴሌቪዥን ላይ አንድ ሰዓት የሚፈጅ ምግብ በደቂቃዎች የሚያልቀው፣ ጥሬው፣ ግማሽ የበሰለውና ያለቀው በየድስቱ ቀድሞ ስለሚቀመጥ ነው። ማጣሪያው ላይ ይህን ማድረግ ይፈቀድ እንደሆነ ቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ። ከተፈቀደ ሽሮን እመርጥልሻለሁ። ቁሌቱን ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ እዚያው ዱቄቱን ትበጠብጫለሽ፣ ቱክ ቱክ ሲል ደግሞ ማይክሮፎኑ ይሰማዋል።

አሁን ወደ ሥራሽ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ዓመታዊ ፈቃድ አለሽ፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሦስት ዓመት ስለሞላሽ 17 ቀን ይደርስሻል ማለት ነው። ካልወሰድሽው ለማጣሪያው የሚበቃ ጊዜ አለሽ። በጽሑፍ ጠይቂ፣ በበዓል ሰሞን አታድርጊው፣ የምትተካሽን ልጅም አስቀድመሽ ተነጋግረሽ ያዢ። ወደ ዋናው ዙር ካለፍሽና መልቀቅ ግድ ከሆነ፣ ሕጉ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንድትሰጪ ይጠይቃል። ጠፍተሽ እንዳትቀሪ። የኮምቦልቻና የደሴ ሆቴሎች ወጥ ቤት ይተዋወቃል፤ ስምሽ ከአንቺ ቀድሞ ይደርሳል።

ውል አምጥተው «እዚህ ጋ ፈርሚ» ሲሉሽ ደግሞ ቤትሽ ወስደሽ አንብቢው። ስንት ዓመት ያስርሻል? ሌላ ቦታ መሥራት፣ የራስሽን ቪዲዮ መጫን ይከለክልሻል? የመኝታና የትራንስፖርት ወጪው የማን ነው? ከአንድ ወር በላይ ቀረጻ ካለ ደመወዝሽን ማን ይተካዋል? መልሱ በቃል ሳይሆን በወረቀት ይሁን። ከዚህ በፊት ያማከርኳት አንዲት ልጅ ሳታነብ ፈርማ ሁለት ዓመት ሙሉ በራሷ ስም መሥራት ተከልክላ አይቻለሁ። ያ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ቀድማ ብትጠይቀኝ አብሬያት አነበው ነበር።

አባትሽን አትከራከሪያቸው። የሚፈሩት ቴሌቪዥኑን አይደለም፣ ደመወዝሽን ነው። የፈቃድ ወረቀቱን አሳዪያቸው። የምትሄጂበትንና የምትመለሺበትን ቀን፣ የምታርፊበትን ዘመድ ቤት ንገሪያቸው። ከዚያ ሽሮውን እሳቸው ፊት ሥሪው፣ እያወራሽ። ምናልባት የመጀመሪያው ተመልካችሽ እሳቸው ይሆናሉ።

የሦስተኛውን ቀን ቪዲዮ ላኪልኝ፤ የመጀመሪያውን አይደለም፣ እሱ ላንቺ ይቅር። ሲደርሰኝ መጀመሪያ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማው።