ለአዲስ የሒሳብ መምህራን፦ ፎርሙላው ይቆይ

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ የሒሳብ ክፍል ለምትረከቡ ወጣቶች ነው። ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ወጣት መምህራን ሲያገኙኝ «ጋሼ፣ ልጆቹ ሒሳብ ሰለቻቸው፣ ምን ላድርግ?» ይሉኛል። አንዳንዱ ዘፈን ያዘጋጃል። አንዳንዱ ከረሜላ ይገዛል፣ ያውም ከዚያችው ደሞዝ። ክፋት የለውም። ግን ልጁ የሚወደው ከረሜላውን ነው። ከረሜላው ያለቀ ዕለት ሒሳብም ያው የድሮው ሒሳብ ነው።

የሒሳብ ደስታ ያለው ራሱ ማግኘቱ ላይ ነው። ልጁ ቀና ብሎ «ገባኝ!» የሚልባት ቅጽበት አለች። እኛ ግን ክፍል እንደገባን ፎርሙላውን ሰሌዳው ላይ እንገጭና ያቺን ቅጽበት እንቀማዋለን። ከዚያ ወዲያ የሚተርፈው ቁጥር መተካት ነው። ቁጥር መተካት ማንን ያስደስታል?

ስለ ቀሪ ስታስተምሩ የምትሞክሩትን አንድ ነገር ላሳያችሁ። መስከረም 1 በ2017 ረቡዕ ዋለ፣ በ2018 ሐሙስ። «ለምን አንድ ቀን ገፋ?» ብላችሁ ጠይቁና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፣ ቻሉት። ከመሃል አንዷ ደብተሯ ላይ 365ን ለ7 ማካፈል ትጀምራለች። 52 ይደርሳል፣ 1 ይቀራል። ቀኑን የምትገፋው ያቺ 1 ናት። ቀጥሉና «ታዲያ ከ2015 ወደ 2016 ስንሻገር ከእሑድ ወደ ማክሰኞ የዘለለው ለምንድን ነው?» በሏቸው። ከኋላ ወንበር «ጳጉሜን 6!» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ። ብዙ ጊዜ ደግሞ የሚመልሰው ሰነፍ ነው የተባለው ልጅ ነው።

መስከረም 1 የሚውልበትን ቀን የሚያወጣውን የባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር፣ ስሌት አሁን አምጡት። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ይደመራል። የተገኘው ለ4 ይካፈልና ድርሻው፣ ሊቃውንቱ መጠነ ራብዒት የሚሉት፣ መልሶ ይደመርበታል። ድምሩ ለ7 ተካፍሎ 1 ከቀረ መስከረም 1 ማክሰኞ ነው፣ 2 ከቀረ ረቡዕ፣ እያለ ይሄዳል። ምንም ካልቀረ ሰኞ። ለ2002 እንሞክረው። 7502 ይሆናል፣ ለ4 ሲካፈል ድርሻው 1875። ሲደመሩ 9377። ለ7 ሲካፈል 4 ይቀራል፣ ዓርብ ማለት ነው።

ልጆቹ ይህን ካዩ በኋላ ማንም አያቆማቸውም። ሁሉም የተወለደበትን ቀን ማወቅ ይፈልጋል። እዚህ ላይ የኛ አቆጣጠር ምቹ ነው። ከጳጉሜን በቀር ወሩ ሁሉ 30 ስለሆነ አንድ ወር ባለፈ ቁጥር ቀኑ በ2 ይገፋል። ፈረንጆቹ 28 እና 31 እያሉ ይቸገሩ! ቀኑን የማያውቅ ልጅ ይኖራል፣ አታሳቅቁት፣ እናቱን ይጠይቅ። «በ2002 የኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው የወለድኩህ» ብለውት ይመጣል። ኅዳር 13 ማለት ነው። መስከረምና ጥቅምት 4 ቀን ገፍተው ኅዳር 1 ማክሰኞ ይውላል። ከዚያ 12 ቀን ሲቆጠር እሑድ ይመጣል። ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ «እሑድ ነበር አይደል?» ሲል የእናቱን ፊት አስቡት። ለሚቀጥለው ፔሬድ ማንም አይቀርባችሁም።

«በአንድ ክፍል 60 ልጅ አጭቀውብኝ ምን ጨዋታ አለ?» ትሉኝ ይሆናል። ቅሬታችሁ እውነት ነው፣ ልከራከር አልችልም። ግን ለፕሮባቢሊቲ እንዲህ ያለ ክፍል አይገኝም። እያንዳንዱ ልጅ ሳንቲም አሥር ጊዜ ይወርውርና ጎፈርና ዘውዱን ይመዝግብ። አንዱ ጋ ጎፈር ስምንት ጊዜ ቢመጣ አይግረማችሁ፣ ሌላው ጋ ሦስት ይሆናል። የሁሉንም ደምራችሁ ሰሌዳ ላይ ስትጽፉት ከ600 ውስጥ ጎፈሩ ከ300 ብዙም አይርቅም። ሃያ ልጅ ብቻ ያለው ሀብታም ትምህርት ቤት ይህን ለማየት ልጆቹን ሦስት ጊዜ ማስወርወር አለበት። ልደታቸው በአንድ ቀን የሚውል ሁለት ልጆች መኖራቸውንም ተወራረዱ። 60 ልጅ ካለ ዕድላችሁ ከ99 በመቶ በላይ ነው። 23 ብቻ ቢሆኑ እንኳ ከግማሽ ያልፋል። መንታዎች ካሉ ግን አስቀድማችሁ አስወጧቸው፣ አለበለዚያ ያጭበረበራችሁ ይመስላቸዋል።

አንድ ክፉ ልማድ አለን። ሰሌዳ ላይ እየሠራን «ይሄ እኮ ቀላል ነው» እንላለን። ለማበረታታት ነው የምንለው። ያልገባው ልጅ ግን የሚሰማው ሌላ ነው። ቀላሉ ካልገባኝ እኔ ደደብ ነኝ ማለት ነው ብሎ ደብተሩን ይዘጋል። «ይሄ ትንሽ ያስቸግራል፣ አብረን እንየው» በሉት። ከገባው ከባድ ነገር ስለገባው ይኮራል፣ ካልገባውም አያፍርም። የተሳሳተ መልስ ሲመጣም «ቁጭ በል» አትበሉ። «እንዴት አገኘኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ግማሹ ራሱ እያስረዳ ስህተቱን ያገኘዋል።

ይዘቱ አያልቅልኝም የሚለው ስጋት ገብቶኛል። ዓመታዊ ዕቅዱ አለ፣ የዲፓርትመንት ኃላፊው ይጠይቃል፣ ፈተናውም አይጠብቅም። በየፔሬዱ ይህን አድርጉ አላልኩም። አዲስ ምዕራፍ ስትጀምሩ የመጀመሪያዋን ፔሬድ ለጥያቄ ስጡ፣ ይበቃል። ልጁ ምን እንደሚፈልግ አውቆ ስለሚጠብቃችሁ ቀሪውን በፍጥነት ትሄዱበታላችሁ።

ሁለተኛ ደረጃ ለምታስተምሩ አንድ ነገር ልጨምር። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውም በእንግሊዝኛ ይሁን፣ ፈተናው በዚያው ነውና። ልጆቹ እርስ በርስ ሲከራከሩ ግን በአፍ መፍቻቸው ተዉአቸው። በሰው ቋንቋ ቃል እየፈለገ የሚያስብ ልጅ መጠየቅ ያቆማል። የደረሱበትን አንዱ ተነሥቶ በእንግሊዝኛ ይጻፈው፣ ሌሎቹ ከወንበራቸው ያርሙት። ክፍሉ ይንጫጫል። የጎረቤት ክፍል መምህር በሩን ሊያንኳኳ ስለሚችል ቀድማችሁ ንገሩት።