«60 በመቶ» ሲባል ከማን ውስጥ ነው?

ጥያቄ፦ የምንኖረው ፒያሳ ነው። የ6 ዓመት ልጄ ጠዋት ጠዋት በላይ በላይ ያስነጥሳል፤ አፍንጫና ዐይኑን ያሳክከዋል። የ3 ዓመቷ እህቱ ደህና ናት። «አለርጂ ካለባቸው ልጆች 60 በመቶው የመጀመሪያ ልጆች ናቸው» የሚል አንብቤ ሐሳብ ገባኝ። በኩር ስለሆነ ነው? ታናሽየዋስ ተረፈች ማለት ነው?

መልስ፦ ቁጥሩ ትክክል ቢሆን እንኳ የልጅዎን ዕድል አይነግርዎትም። ለስሌት ያህል ብቻ 1,000 ልጆች እንውሰድ፤ ግማሾቹ በኩር፣ ግማሾቹ ተከታይ። 100ው አለርጂ አለባቸው፤ ከእነሱ 60ው በኩር ናቸው እንበል። 60 ለ100 ሲካፈል ያነበቡት 60 በመቶ ይመጣል። እርስዎ የሚፈልጉት ግን ከበኩሮች ውስጥ ስንቱ እንደታመመ ነው፦ 60 ለ500፣ ማለትም 12 በመቶ። ከተከታዮቹ ደግሞ 40 ለ500፣ 8 በመቶ። ልዩነት አለ፤ ግን ከመቶ በኩሮች 88ቱ ደህና ናቸው።

ደግሞ መሃል አዲስ አበባ አንድና ሁለት ልጅ ብቻ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ አንድያ ልጅ ምንጊዜም በኩር ነው። ስለዚህ ክሊኒክ ወረፋ ላይ በኩር ቢበዛ፣ እጁ ተሰብሮ የመጣውን ጨምሮ፣ አይግረምዎት። ማወዳደር የሚገባው እኩል ልጅ ካላቸው ቤቶች፣ በእኩል ዕድሜ ነው። የአፍንጫ አለርጂ ብዙ ጊዜ ጎልቶ የሚታየው ትምህርት ቤት መግቢያ አካባቢ ስለሆነ ስለ ታናሽየዋ ለመናገር ገና ነው።

ነገሩ መሠረት የለውም ማለቴ አይደለም። ተመራማሪው ዴቪድ ስትራቻን እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው ጥናት፣ በ1958 በአንድ ሳምንት ከተወለዱ 17,414 የብሪታኒያ ልጆች መካከል ታላላቆች የበዙላቸው የአፍንጫ አለርጂ ያነሰባቸው ሆነው ተገኝተዋል። ምክንያቱ እስካሁን ያከራክራል። የእናት ወይም የአባት አስምና አለርጂ ግን ከልደት ተራ ይልቅ ይመዝናል።

ልጅዎ ንፍጡ እንደ ውሃ ከሆነ፣ ትኩሳት ከሌለውና አፍንጫውን በመዳፉ ወደ ላይ እየጠረገ አግድም መስመር ካወጣ፣ ሰፈሩ ሁሉ «ሳይነስ ነው» ቢልም አለርጂ ሳይሆን አይቀርም፤ አንቲባዮቲክ አይፈይድለትም። በዚህ ዕድሜ የተለመደው ሴትሪዚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት 5 ሚሊ ግራም ጠዋትና ማታ ነው፤ የኩላሊት ችግር ካለበት መጠኑ ስለሚቀንስ አስቀድመው ለሐኪም ያሳዩት። ሌላው የአለርጂ መድኃኒት ክሎርፌኒራሚን ግን ክፍል ውስጥ ያስተኛዋል። አፍንጫ የሚከፍት ጠብታ ከ5 ቀን ካለፈ መልሶ ይደፍነዋል። አንሶላና የትራስ ልብሱን በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውሃ ይጠቡ፤ ከሰልና ዕጣን ከሚተኛበት ክፍል ይውጣ።

ሌሊት የሚያስለው ወይም ሲተነፍስ የሚያፏጭ ከሆነ አስም ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይዘውት ይሂዱ።