4ኬ ወይስ 144 ኸርዝ? መጀመሪያ ካርድህን እይ

"ጋሼ፣ ሦስት ሞኒተር ቀርቦልኝ መምረጥ አቃተኝ" ይላል ከአዳማ የደረሰኝ ጥያቄ። ጠያቂው ወጣት ነው። ኮምፒውተሩ ኮር አይ5 10400ኤፍ ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ራምና ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ግራፊክስ ካርድ አለው። ማታ ማታ ከጓደኞቹ ጋር ቫሎራንትና ካውንተር ስትራይክ 2 ይጫወታል። እስካሁን የሚሠራበት ከቢሮ የወጣ አሮጌ 19 ኢንች ስክሪን ነው፤ በአዳፕተር ከቪጂኤ ኬብል ጋር አገናኝቶታል። ሻጩ በተቀራራቢ ዋጋ ያቀረበለት አንደኛ 27 ኢንች፣ 4ኬ፣ 60 ኸርዝ (ኸርዝ ማለት ስክሪኑ በሰከንድ ሥዕሉን ስንት ጊዜ እንደሚቀይር ነው)፤ ሁለተኛ ከርቭድ የሚባለው ጎበጥ ያለ 27 ኢንች፣ 1080ፒ፣ 165 ኸርዝ፣ ፓነሉ (ሥዕሉን የሚያሳየው ገጽ) ቪኤ የሚባል ዓይነት፤ ሦስተኛ ትንሽ ያገለገለ ጠፍጣፋ 24 ኢንች፣ 1080ፒ፣ 144 ኸርዝ፣ ፓነሉ አይፒኤስ የሚባል ሌላ ዓይነት ነው። "4ኬውን ውሰድ፣ ቶሎ አያረጅብህም" ብሎታል ሻጩ።

ወንድሜ፣ የኔ መልስ ሦስተኛው ነው። ሻጩ ዋሽቶሃል አልልም። 4ኬው ፊልም ለሚያይ፣ ፎቶና ቪዲዮ ለሚያቀናብር ሰው ጥሩ ዕቃ ነው። አንተ ግን የምትገዛው ለተኩስ ጌም ነው፤ ሞኒተር ደግሞ ካርዱ የላከለትን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ሒሳቡን እንየው። 1080ፒ ማለት 1920 በ1080፣ ወደ 2 ሚሊዮን ፒክሰል ነው። 4ኬ 3840 በ2160 ስለሆነ ከ8 ሚሊዮን ያልፋል፤ ልክ አራት እጥፍ። ካርድህ በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣ፣ 6 ጊጋ ሚሞሪ ያለው፣ ለ1080ፒ የተሠራ ካርድ ነው። ቫሎራንትን በ1080ፒ በሰከንድ ከ144 ፍሬም (ሥዕል) በላይ ሳይጨናነቅ ያወጣዋል፤ ካውንተር ስትራይክ 2ንም ሴቲንጉን ዝቅ ካደረግህለት በአብዛኛው ከመቶ በላይ ያስኬደዋል። በ4ኬ ለእያንዳንዱ ፍሬም አራት እጥፍ ነጥብ እንዲሞላ ካዘዝኸው ግን ይንገዳገዳል። "እሺ፣ 4ኬውን ገዝቼ ጌሙን በ1080ፒ ባደርገውስ?" ትለኝ ይሆናል። ይቻላል፤ ግን በአብዛኛው ሞኒተር ላይ ሥዕሉ ሲለጠጥ ይደበዝዛል፣ ፍጥነቱም 60 ላይ ይቆማል። ካርዱ በሰከንድ 150 ፍሬም ቢያወጣልህ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ዓይንህ ሳያየው ያልፋል።

ኸርዙ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብር የሚባክነው እዚህ ላይ ነውና። 60 ኸርዝ ስክሪን ሥዕሉን በየ16.7 ሚሊሰከንድ ይቀይራል፤ 144 ኸርዝ በየ6.9። አሥር ሚሊሰከንድ ገደማ አተረፍህ ማለት ነው። ማውሱን ፈጠን አድርገህ ስታዞር፣ ጠላት ከማዕዘን ብቅ ሲል፣ ልዩነቱን ያልሠለጠነ ዓይን እንኳ ያየዋል። ከ144 ወደ 165 ስትወጣ ግን ከ6.9 ወደ 6.1 ነው የምትወርደው፤ አንድ ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። 240 ላይ 4.2 ነው፤ ያንን ያህል ፍሬም ሳያቋርጥ የሚያወጣ ካርድ ከሌለህ ደግሞ አይሠራልህም። ስለዚህ ከሁለተኛው ሞኒተር ላይ 165 የሚለው ቁጥር አያማልልህ።

ሁለተኛውን ያልመረጥኩበት ሌላም ምክንያት አለኝ። 1080ፒ በ24 ኢንች ላይ ሲሆን በአንድ ኢንች 92 ያህል ፒክሰል ይደርሳል፤ 27 ኢንች ላይ ሲዘረጋ ወደ 82 ይወርዳል። ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠህ ስትጫወት የፊደሉና የመስመሩ ጠርዝ ሻካራ ሆኖ ይታይሃል። 27 ኢንች የሚያምረው በ1440ፒ ነው፤ ያ ደግሞ ለካርድህ ወደ 1.8 እጥፍ ሥራ ነው። የቪኤ ፓነል ጥቅም ጥቁሩ ጥቁር መሆኑ ነው። በነጩና በጥቁሩ መካከል ያለው ንጽጽር 3000 ለ1 አካባቢ ይደርሳል፤ አይፒኤስ ብዙውን ጊዜ 1000 ለ1 ገደማ ነው። ክፍሉን አጨልሞ ፊልም ለሚያይ ቪኤ ይሻለዋል። ዋጋው ዝቅ ያለ ቪኤ ግን ከጥቁር ወደ ግራጫ ለመቀየር ይዘገያል፤ ጨለማ ቦታ ውስጥ ስትሮጥ ከሚንቀሳቀሰው ነገር ኋላ ጥቁር ጭራ ይጎተታል። ጉብጠቱን በተመለከተ፣ በዚህ መጠን ላይ ከሱቅ መስታወት ጀርባ ከማማሩ በቀር ያገኘሁለት ጥቅም የለም።

ፒክሰሉ ቀለም የሚቀይርበት ጊዜ ነው እየተባለ ካርቶኑ ላይ በትልቁ "1 ሚሊሰከንድ" ተብሎ የሚጻፈውንም አትመን። አንዳንዱ የሚለካው ኤምፒአርቲ በሚሉት ዘዴ ነው፤ የጀርባ መብራቱን በፍጥነት በማብራትና በማጥፋት ብዥታውን ይቀንሳል፣ የስክሪኑን ብርሃን ግን ይቀንሰዋል፤ በአብዛኛውም ቀጥዬ ከምነግርህ ከፍሪሲንክ ጋር አብሮ አይሠራም። ሜኑው ውስጥ ኦቨርድራይቭ የሚል፣ ፒክሰሉ ቶሎ እንዲቀየር የሚገፋ ምርጫ ታገኛለህ፤ መካከለኛው ላይ ተወው። ጫፍ ላይ ካደረስከው በሚሮጠው ነገር ዙሪያ ነጭ ጥላ ይፈጥራል። ርካሽ ሞኒተር ላይ የተለጠፈ ኤችዲአር 400 (ብርሃንና ጨለማውን አጉልቶ ያሳያል የሚባለው) ደግሞ ጌጥ ነው፣ እለፈው።

ፍሪሲንክ ግን ይኑረው። የካርድህ ፍሬም አንዴ 90፣ አንዴ 130 እያለ ሲዋዥቅ ስክሪኑ ኸርዙን ከካርዱ ጋር አብሮ ይቀያይራል፤ ሥዕሉ መሃል ላይ ተቀዶ መታየቱ ይቀራል። "ፍሪሲንክ የኤኤምዲ ነው፣ ካርድህ ኤንቪዲያ ነው፣ አይሠራም" የሚልህ ሻጭ ካለ ወሬው ያረጀበት ነው። ኤንቪዲያ ከጥር 2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ በድራይቨር ፈቅዶታል፤ በዲስፕሌይፖርት (ካርዱ ላይ ካሉት የስክሪን መሰኪያዎች አንዱ) ካገናኘኸው ከኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ላይ ታበራዋለህ።

ያገለገለ ዕቃ ስለሆነ ከመክፈልህ በፊት ሲፒዩህን (የኮምፒውተሩን ሳጥን) ይዘህ ሂድ። አይሆንም የሚል ሻጭ ካጋጠመህ ሌላ ሱቅ አለ። ሙሉ ስክሪኑን ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር የሚያደርጉ ፎቶዎችን በፍላሽ ያዝና አንድ በአንድ ክፈት፤ የሞተ ፒክሰል ነጥብ ሆኖ ይታይሃል። ጥቁሩን ስትከፍት የሱቁን መብራት አስጠፋ፤ በጠርዙ የሚያፈስ ብርሃን ካለ እይ። አይፒኤስ ሁሉ ጥቂት ያፈሳል፤ ከአንድ ጥግ ወደ መሃል የሚገባ ነጭ ደመና ካየህ ግን ተወው። ከዚያ 144 ላይ አድርገህ ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይብራ፤ የሚርገበገብ ወይም ብልጭ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ያኔ ያሳብቃል። የኬብል መሰኪያዎቹንም በእጅህ ነቅነቅ አድርጋቸው። ከዱባይ የመጣ ከሆነ ገመዱ ባለ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ሊሆን ይችላል። በሚወላወል አዳፕተር አትሰካው፤ ብዙ ሞኒተር የሚቀበለው ሲፒዩህ የሚጠቀምበትን ዓይነት የመብራት ገመድ ነው፣ ገዝተህ ቀይረው።

ቤት ስትገባ ያን የቪጂኤ አዳፕተር አውጥተህ ጣለው። ከካርዱ ወደ ሞኒተሩ በዲስፕሌይፖርት ኬብል አገናኝ፤ በአንዳንድ ሞኒተር የኤችዲኤምአይ መሰኪያው የሚቀበለው ኸርዝ ያነሰ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ ያንተ ፕሮሰሰር በውስጡ የተሠራ ግራፊክስ ስለሌለው ምንም አያሳይህም፤ "ሞኒተሩ ተበላሸ" ብለህ እንዳትመለስ። ዊንዶውስ አዲስ ስክሪን ሲያገኝ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብተህ 144ን ምረጥ። ባለ 144 ገዝተው ወሩን ሙሉ በ60 የሚጫወቱ ልጆች ብዙ ጊዜ እጄ ላይ ይመጣሉ። ጌሙ ውስጥም ፍሬሙ 60 ላይ ታስሮ እንዳይሆን አረጋግጥ።

መብራቱን በተመለከተ፣ ሞኒተሩን ብቻውን ዲቫይደር ላይ አትተወው፤ ከሲፒዩው ጋር ስታብላይዘር ውስጥ ይግባ። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚመጣው ግፊት ነው ፓወር ቦርድ የሚያቃጥለው፤ መብራት እንደጠፋ ከሶኬት ንቀለው፣ ከተመለሰ በኋላም ትንሽ ቆይተህ ስካ። 24 ኢንቹ ብዙ አይበላም፣ 30 ዋት አካባቢ ነው። ዩፒኤስ ከገዛህ ሸክሙን ለሲፒዩው አስላ።

ታናሽ ወንድምህ ፒኤስ4 ይሰካበት እንደሆነም ጠይቀሃል። በኤችዲኤምአይ ይሰካ፤ ፒኤስ4 ከ60 ኸርዝ አያልፍም፣ ለሱ ብለህ ምንም አትጨምር። ድምፁን ብቻ አስብበት፤ ብዙ የጌም ሞኒተር ስፒከር የለውም፣ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ እንዳለው ሱቅ እያለህ እይ።