ሰማያዊ ሽቦ ሁሉ ኒውትራል አይደለም

ሰላም ወንድሜ፣

ከደብረ ማርቆስ የጻፍክልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ከቴክኒክና ሙያ በኤሌክትሪክ ተመርቀሃል፣ የሙያ ብቃት ምዘናውን ሲኦሲንም አልፈሃል። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ለሙከራ ጠራህ። ከውጭ ያስመጡት የክፍል ማሞቂያ የሚታዘዘው በገመድ አልባ ቴርሞስታት፣ ማለትም በሙቀት መቆጣጠሪያ ነው፤ ትእዛዙን የሚቀበለው ግድግዳው ላይ ያለው መቀበያ ተቃጥሎ "በአዲሱ ቀይርልን" አሉህ። ክዳኑን ስትከፍት የሽቦዎቹ ቀለም ከተማርከው ጋር አልገጠመም፤ የአዲሱ ተርሚናል ቅደም ተከተልም ሌላ ሆነ። "ነገ እመለሳለሁ" ብለህ ወጣህ፤ በዚያው ቀረህ። አሁን ሙያውን ልተወው ወይ ብለህ ትጠይቀኛለህ።

አትተወው። እጅህን መሰብሰብህ ትክክል ነበር። ጥፋትህ ሳትመለስ መቅረትህ ነው፤ እሱ ደግሞ ገና ይስተካከላል።

ወደ ምክር ሥራ ከመግባቴ በፊት ካቻቢቴ ይዤ የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ልንገርህ። መቀበያው ውስጥ ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ራሱ የሚሠራበት ኃይል ነው፤ ኤል (ኃይል የሚያመጣው ፌዝ) እና ኤን (መመለሻው ኒውትራል) በሚሉት ይገባል። ሁለተኛው ማብሪያ ነው፤ ቴርሞስታቱ ሙቀት ሲፈልግ የምትገጥም ሪሌይ። ኮም የጋራው ጫፍ ነው። ኤንኦ ሙቀት ሲጠራ ከኮም ጋር ይገናኛል፣ ኤንሲ ደግሞ ያኔ ይለያያል። ለማሞቂያ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልግህ ኮም እና ኤንኦ ናቸው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኮም ላይ ነው። አንዳንዱ ማሞቂያ በሪሌይዋ በኩል 220 ቮልት እንዲመለስለት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከኤል ወደ ኮም አጭር ሽቦ ይታሰራል። የሌላው መቆጣጠሪያ መስመር ግን ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው። እዚያ ያቺን አጭር ሽቦ ብታስር የማሞቂያውን ካርድ ታቃጥለዋለህ። አሮጌው ላይ መኖር አለመኖሯን ሳታይ፣ የማሞቂያውንም መመሪያ ሳታነብ ምንም አትንቀል።

ቀለሙን በተመለከተ፣ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫው ኧርዝ ብለህ ተምረሃል። ልክ ነው። ነገር ግን ከመቀበያው ወደ ማሞቂያው በሚሄደው ገመድ ውስጥ ሰማያዊው ፌዝ ተሸክሞ ሲመለስ ታገኘዋለህ። አሮጌ ቤት ውስጥ ደግሞ ቀይና ጥቁር ይገጥምሃል። ስለዚህ በቀለሙ አትመን፤ የታሰረበትን ፊደል ተከተል።

ስትመለስ መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፋ። ማሞቂያው የራሱ ሌላ ብሬከር ሊኖረው ስለሚችል እሱንም ፈልገህ አጥፋ። ቴስተርህን ኃይል እንዳለው በምታውቀው ሶኬት ሞክረው፣ ከዚያ መቀበያው ላይ፣ ከዚያ እንደገና ሶኬቱ ላይ። ይቺን ሦስተኛዋን ብዙዎች ይዘሏታል። አንተ አትዝለላት፤ ቴስተሩ መሐል ላይ ተበላሽቶ ከሆነ የምታውቀው በእሷ ነው። ከዚያ በስልክህ ፎቶ አንሳ። እያንዳንዱ ሽቦ ላይ ናስትሮ ጠቅልለህ የነበረበትን ፊደል ጻፍበት። የመጀመሪያውን በመጀመሪያው ቦታ ሳይሆን ኮምን በኮም፣ ኤንኦን በኤንኦ እሰር። በመጨረሻ መቀበያውን ከቴርሞስታቱ ጋር በመመሪያው መሠረት አጣምረው።

አንድ ነገር ጠይቅልኝ፤ አሮጌው ለምን ተቃጠለ? 2000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። ሪሌይዋ ላይ 3 አምፔር ተጽፎ ከሆነ በቀጥታ አትችለውም፤ መሐል ላይ ኮንታክተር፣ ማለትም ሪሌይዋ የምታዝዘው ከባድ ጭነት የሚችል ማብሪያ መግባት አለበት። ይህን ለባለቤቱ ካስረዳኸው ሙከራውን ያለፍክ ቁጠረው።

ለባለቤቱም እንዲህ በል፦ "ያን ቀን ሳላረጋግጥ ማሰር ስላልፈለግሁ ነው የወጣሁት። ሳልመለስ በመቅረቴ ይቅርታ። አሁን አጣርቼ መጥቻለሁ።" ባይቀበልህም ይህንኑ ታሪክ ባሕር ዳር ሆቴሎች ወይም ቡሬ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለጥገና ሥራ ስትጠየቅ ንገራቸው። ጠያቂህ የጥገና ሰው ከሆነ፣ ያልገባውን ሳይነካ የሚያጣራ ሠራተኛ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያውቃል።

ሥራው ሲያልቅ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ ያነሳሃቸውን ሁለቱን ፎቶዎች ላክልኝ፤ የሥራ ማስረጃህን አብረን እናዘጋጃለን።